የአባባ ተረከዝ

ሰኞ፣ የካቲት 4
ዛሬም ዓሣ እንዳላሰጣ ከለከለኝ። “አልቢኖ ልጅ ያለችው አባት ፀሐይን እንደ ነብር ይፈራል” ይላል አባባ። ባርኔጣዬን ራሱ አጠለቀልኝ። ቅባቱንም ጆሮዬ ሥር ድረስ... አሥራ አምስት ዓመቴ እኮ ነው! ሐይቁ ዳር ያሉት ሴቶች ሳቁ።
“ማሳሉ፣ ፈረንጇን ለምን ቁምሳጥን ውስጥ አትቆልፍባትም?” አለችው ጎረቤታችን፣ የሉሺንጌ እናት።
“አንቺን እዚያ ከቆለፍኩ በኋላ!” አላት።
አንገቴን ደፋሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13
አባባን ሲያነክስ አየሁት። ተረከዙ ላይ ጥቁር ነገር አለ፤ ጠርዙ እንደ ፈሰሰ ቀለም። “የአምና እሾህ ነው” አለኝ። በመርፌ ቆፈረው። ምንም አልወጣም።

ዓርብ፣ የካቲት 29
ምዋንዛ ከተማ ሐኪም ቤት ሄድን፤ በየሦስት ወሩ ለሚደረግልኝ የቆዳ ምርመራ። ተራ ስንጠብቅ በሽተኞቹን አየሁ። እንደ እኔ ያሉት አንገታቸው፣ ጆሯቸው፣ ከንፈራቸው ቆስሏል። ጥቁሮቹ ግን እግራቸው። አንዷ በልጅነቷ የተቃጠለችበት ጠባሳ ላይ። የአንድ ሽማግሌ ጨርቅ ሲፈታ... የአባባ ተረከዝ! ቁርጥ እሱን።
ዶክተሯ “አንቺ ደህና ነሽ” አለችኝ። አባባ ሊወጣ ተነሣ። ሰው ፊት ላሳፍረው?
“እግሩን እዪለት” አልኩ። ድምፄ የማን ነበር?
አባባ ሳቀ። “እኔ እኮ ከሰል ነኝ ዶክተር። ፀሐይ ምን ታደርገኛለች?”
“ይሄኛው በሽታ ፀሐይ አይጠብቅም፣ አባቴ። ጫማዎን ያውልቁ።”
አልሳቀችም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17
ካንሰር ነው። ተረከዙ ይቆረጥ አሉ። “ጀልባ ላይ በምን ልቆም?” ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ዝም ብል ይሻል ነበር?

ዓርብ፣ መጋቢት 20
እኩለ ቀን ላይ ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ቅባት፣ ዓሣ ማስጫው መሀል ቆምኩ። አባባ እያነከሰ መጣ።
“ካቡላ! ግቢ!”
“አንተ ሐኪም ቤት ካልገባህ አልገባም።”
ትከሻዬ ይቃጠላል። ቆሞ አየኝ... ብዙ አየኝ።
“እሺ” አለ።

እሑድ፣ ግንቦት 18
አባባ ቤት ነው። ተረከዙ ተቆርጧል፤ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ መረብ ይጠግናል። ብሽሽቱ ውስጥም ትንሽ ካንሰር አግኝተውበታል። መድኃኒቱ ሠርቶለት እንደሆነ ገና አናውቅም።
ከሰዓት የሉሺንጌ እናት መጣች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች።
“እስቲ እይልኝ፣ ልጄ።”
ተንበርክኬ እግሯን ጭኔ ላይ አደረግኩ። አባባ መረቡን አስቀመጠ።
“የጣቶቿንም መሀል” አለኝ።