ያለ እኔ አይሄድም

ሰኞ፣ ግንቦት 6

አራት ተኩል። አሰልጣኙ ለይበልጣል የሰጠው ነጥብ ነው። ለእኔ አንድ።

የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ሕጉ እንዲህ ነው። ጉዳትህ በከበደ ቁጥር ነጥብህ ያንሳል፤ ሜዳ ላይ ያሉት አምስት ልጆች ነጥባቸው ሲደመር ከአሥራ አራት መብለጥ የለበትም። እኔ ከደረቴ በታች አይሰማኝም፣ ስለዚህ አንድ ነኝ። ይበልጣል የጎደለው አንድ እግሩ ከጉልበት በታች ነው፣ ስለዚህ አራት ተኩል ነው። ደግ ሚዛን ነው መቼም! ጀርባዬን በጥይት የመታኝ ሰው እኔን አራት ጊዜ ተኩል ያህላል።

አሰልጣኙ ሲሳይ ይባላል፣ የብሔራዊ ቡድኑ ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ናይሮቢ ላይ አገሮች የሚጋጠሙበት ሻምፒዮና ስላለ ተጫዋች ፍለጋ ይዞራል። ልምምዳችንን ካየ በኋላ ሁለታችንን ለብቻ ጠራን።

"ሦስት ልጆች በእጄ አሉ፣ ድምራቸው ስምንት ተኩል ነው። አራት ተኩልና አንድ ብጨምርበት ልክ ይሞላልኛል። ወይ ሁለታችሁን እወስዳለሁ፣ ወይ ሁለታችሁንም ትቼ ከአዲስ አበባ ሌላ እፈልጋለሁ። እሁድ ቁርጡን ንገሩኝ" አለ።

ይበልጣል ቃሉ ሳያልቅ "እሄዳለሁ" አለ። እኔ ወንበሬን አዙሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ነገሩ የገባኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እኔ ካልሄድኩ እሱ አይሄድም። ብቻዬን ሳቅኩ። አሥር ዓመት እንዲህ ያለ ቀን እንዲመጣ ስመኝ ኖሬ በድምር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ቀኑን ሙሉ በልብስ ስፌት ሱቄ ስሰፋ ስለ ይበልጣል ሳስብ ዋልኩ። የሰው ሱሪ እግሩን ከሚገባው በላይ አሳጠርኩት። ባለቤቱ ሲመጣ ምን እንደምለው እንጃ።

ከቡሬ ወዲያ ማዶ፣ የእኛ ማሳና የእነሱ ማሳ ይዋሰናል። እኔና እሱ እኩያሞች ነን፤ ጥምቀት አብረን ጨፍረናል። የወሰን ጠብ ሲነሳ አባቶቻችን ተሰዳደቡ፣ እሱ ግን የአባቱን ጠመንጃ አወጣ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ በሬ እፈታ ነበር። ዞሬ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ዞሬ ቢሆን ኖሮ ሞቼ ነበር።

ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰብ አስታረቁ። በሬ ተሰጠ፣ ካህን ቆመ፣ አባቴ ስለ እኔ "ይቅር ብለናል" ብለው ማሉ። አባቴ ናቸው የማሉት። እኔ አልማልኩም። መሐላ በራስ አንደበት ነው እንጂ በውክልና አይሆንም። ይህንን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ።

ይበልጣል ከእርቁ በኋላ ወታደር ሆነ፣ በጦርነቱ ፈንጂ እግሩን ወሰደው። ያን ስሰማ ደስ አለኝ። ለንስሐ አባቴም አልደበቅኳቸውም።

ባለፈው ጥር እኔ ወዳለሁበት ፍኖተ ሰላም መጥቶ ቡድናችን ውስጥ ገባ። ከተማው ያለው አንድ ሜዳ ነው፣ የት ልሂድ? ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈስኩለትም። ኳስ ግን አቀብለዋለሁ። ኳስ መስጠት ንግግር አይደለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

ዛሬ አሰልጣኙ ሥራዬን ነገረኝ። ባለ አንድ ነጥብ ብዙ አያገባም። ሥራው በወንበሩ ተከላካዩን መዝጋት ነው፤ እሱ ሲዘጋ አግቢው በተከፈተው መንገድ ገብቶ ያስቆጥራል።

"አንተ ለይበልጣል መንገድ ትጠርግለታለህ" አለኝ። እንዲህ በቀጥታ! ሳያውቅ ነው፣ ማን ነግሮት። ፊቴ ምን እንደመሰለ እግዜር ይወቀው።

ጠረግኩለት። ምን ላድርግ፣ አሰልጣኙ ቆሞ ያያል። እሱ በግራ ሊሄድ ሲል እኔ ቀድሜ ግራ ነኝ። በቀኝ ሲል በቀኝ። ደጋግሞ አገባ። አሰልጣኙ እያጨበጨበ "ወንድማማቾች ናችሁ እንዴ? ሳትነጋገሩ እንዴት ነው እንዲህ የምትግባቡት?" አለ። ልጆቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

የምንግባባው የት ቦታ እንደምመታው ሳጠናው ስለኖርኩ ነው። ከጥር ጀምሮ ዓይኔ ከእሱ ላይ ወርዶ አያውቅም። ከመዞሩ በፊት ቀኝ ትከሻው ትንሽ ዝቅ እንደሚል የወለደችው እናቱም አታውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ነገ ከባሕር ዳር ልጆች ጋር ግጥሚያ አለ። አሰልጣኙ ለመፈተኛ ነው ያለው። ማልያዎቹ ሰፊ ስለሆኑ እንዳስተካክላቸው ሱቄ መጡ። የስፌት መኪናዬ በእጅ የሚዞር ነው፣ በእግር የሚረገጠው ለእኔ አይሆንም።

የይበልጣልን ማልያ የመጨረሻ አደረግኩት። ከዚያ ብብቱን አጠበብኩት። በጣም አይደለም፤ ሲለብሰው እንዳያውቅ፣ እጁን ወደ ቅርጫቱ ሲያነሳ ግን እንዲይዘው ያህል። እየሰፋሁ ማፏጨቴን የሰማሁት ጎረቤቴ "ምን አግኝተህ ነው ዛሬ?" ስትለኝ ነው።

ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጥሩ እንቅልፍ ይወስደኛል መሰለኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ማልያው ገና በመጀመሪያው ውርወራ ብብቱ ላይ ተርትሮ ተቀደደ። በተቀደደ ማልያ እያገባ ዋለ። ክሬ ነው ያሳፈረኝ።

የከፋው ግን ሌላ ነው። ከዕረፍት በኋላ አንድ የባሕር ዳር ልጅ በፍጥነት መጥቶ ገጨኝና ከነወንበሬ ተገለበጥኩ። ወገቤ በማሰሪያ ከወንበሩ ጋር የታሰረ ነው፣ ብቻዬን መነሳት አልችልም። እንደ ተገለበጠ በርጩማ ተጋድሜ ሳለ አንድ ሰው ከወንበሩ ወርዶ በአንድ እግሩ እየዘለለ መጣ። ቀና ብዬ ሳይ እሱ ነው።

አቅፎ አነሳኝ። እጁ ጀርባዬ ላይ አረፈ፣ እዚያው ላይ። ጠባሳው ላይ ምንም አይሰማኝም፤ ከጠባሳው በላይ ግን ይሰማኛል፣ የጣቶቹ ጫፍ ተሰማኝ።

"አትንካኝ!" አልኩት። ጮኼ ነው። በአሥር ዓመት የተነፈስኩለት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው። እሱ ወንበሬን እስኪያስተካክል አልለቀቀኝም። ከዚያ እየዘለለ ተመለሰ።

አሰልጣኙ ከልጆቹ ጠይቆ ታሪኩን ሰማ። ወደ እኔ መጣ። "ብትቀር አልፈርድብህም" አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሸነፍን፣ ለነገሩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

እማዬ ከገጠር መጣች። ወሬው እኔ ሳልልክባት ቡሬ ደርሷል። ገና ሳትቀመጥ "እውነት ነው? ያለ አንተ አይሄድም?" አለች።

"እውነት ነው።"

እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። "ተመስገን! እንኳን ናይሮቢ ደምበጫንም አይለፍ! በአጥንትህ ቆሞ ሊሄድ? እቤትህ ቁጭ በል ልጄ። አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እሱ ይቃጠል።"

"አባቴ ምለዋል ይላሉ ሰዎች" አልኳት፣ ልፈትናት።

"አባትህ ነፍሳቸውን ይማርና ሽማግሌ ፈርተው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።"

ልክ ናት። ወደ ከተማ እስክወጣ ድረስ ያጠበችኝ፣ ያገላበጠችኝ እሷ ናት። ነገ "አልሄድም" እላለሁ ብዬ ነገርኳት። ግንባሬን ሳመችኝ።

አሁን እሷ ተኝታለች። እኔ አልተኛሁም። አውሮፕላን ላይ ወንበሬን የት ያስቀምጡት ይሆን? ይኼ ነው የሚመጣብኝ። ሌላ አገር ሕዝብ ፊት፣ ጀርባዬ ላይ የአገሬ ስም ተጽፎ። ከባሕር ዳር ወዲያ አይቼ አላውቅም፤ ያንንም ያየሁት ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው። እሱ ይቃጠል ብላለች እማዬ። እኔስ?

እሁድ፣ ግንቦት 12

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ አባ ደሴ ደጄ መጡ። ከኋላቸው ይበልጣል ነው። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ተበዳዩ አውርድ እስኪለው አያወርድም። ይበልጣል ሰው ሠራሽ እግሩን አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። መንገደኛው ቆመ፣ ጎረቤት ወጣ። እማዬ ከውስጥ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፣ የወንበሬን እጀታ ጨብጣ።

"ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው" አሉ አባ ደሴ።

"አባ፣ ይህንን ድንጋይ አሥር ዓመት የት አስቀምጦት ነበር ይበሉልኝ" አልኩ።

መልሱን ራሱ ይበልጣል ሰጠ። "ፈርቼ ነው።"

"ዛሬስ? ለናይሮቢ ነው የመጣኸው?"

ይዋሻል ብዬ ጠበቅኩ። "አዎ፣ ለናይሮቢም ነው" አለ። "የናይሮቢው ጉዳይ ባይመጣ ዛሬም አልደፍርም ነበር። ጀርባህን ሰጥተህ ነበር፤ አውቄ ነው የተኮስኩት። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

እማዬ እጀታውን ስታጠብቀው ወንበሩ ተነቃነቀ። ይቁም አልኩ በልቤ። ፀሐዩ በረታ። ክብደቱን ወደ ደህናው እግሩ አዛወረ፣ ላቡ ድንጋዩን አረጠበው። እውነቱን ልጻፍ፣ ጣፈጠኝ። አሥር ዓመት የቋመጥኩት ይህን ለማየት ነው።

ከዚያ ድንጋዩ ወደ ቀኝ አጋደለ። ቀኝ ትከሻው ዝቅ አለ፣ ያ የሚወረውርበት። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

"አውርደው! ትከሻህን ታበላሸዋለህ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። አባ ደሴ መስቀላቸውን አወጡ። "አባ፣ ይቅር አላልኩም" አልኳቸው። "ድንጋዩን አውርድ ነው ያልኩት።" "ለዛሬ ይበቃል ልጄ" አሉኝ። ይበልጣል ድንጋዩን ደጄ ላይ አስቀምጦ፣ ሳያቅፈኝ፣ እጁን ሳይዘረጋ ሄደ። ይኼን ብልሃት ማን እንዳስተማረው እንጃ።

ለአሰልጣኙ "እሄዳለሁ" አልኩት። ሮብ እንነሳለን።

እማዬ እቃዋን ስትሸክፍ አስረዳኋት። ብቀላዬ ይኼው ነው፣ አልኳት። እያንዳንዷን ግብ የሚያገባት እኔ መንገድ ስከፍትለት ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ የእኔ ባለዕዳ ሆኖ ይኑር። ደህና አድርጌ አስረዳኋት፣ እኔንም ሊያሳምነኝ ምንም አልቀረውም።

እሷ ነጠላዋን አጣፋች፣ ፊቴን አየች።

"ከደምህ ይልቅ ኳሱን ወደድከው" አለችኝ።

ይበልጣል ከመታኝ ጀምሮ ከእሱ ጉዳት ሌላ የፈለግኩት ነገር አልነበረም፤ አሁን ሌላ ነገር እፈልጋለሁ፣ እሷም አየችው። አኩርፋ ሄደች። ሮብ ልትሸኘኝ ትምጣ አትምጣ አላውቅም።