የሚጡ የሩዝ ልክ

ሚጡ ፈተናውን አለፈች! እማዬ፣ የልጅ ልጅሽ ከነገ ጀምሮ ከጓደኞቿ ጋር ምሳ ትበላለች! ሰላም ሳልልሽ መጀመሬን ይቅር በይኝ፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ያ ሳል ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን፤ ብቻ እኔን ንዴት ሊገድለኝ ነበር።

የስኳር ሕመሟ ከተገኘ ወዲህ መርፌዋ የሚለካው በምትበላው መጠን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤቱም "የምትበላውን በዓይኗ መገመት እስክትችል ከልጆቹ ጋር አትበላም" አለ። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ፣ የሰው ቀሚስ የስፌት መኪናው ላይ ጥዬ፣ የለካሁትን ምሳ ይዤ ስሮጥ ከረምኩ። እሷ ዘበኛው ክፍል ብቻዋን ትበላለች። "እማ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" ትለኛለች።

ላስተምራት ብል ማን ፋታ ሰጥቶኝ! እኔ በሰማያዊዋ ጎድጓዳ ሳህን "ይህ አንድ ኩባያ ሩዝ ነው" እላለሁ፤ አባቷ ዞር ስል "አንዲት ማንኪያ ምን ታመጣለች" ብሎ ይጨምርላታል። አንቺም፣ አትቀየሚኝና፣ በስልክ "ልጄን በስፍር አታሳድጊያት" እያልሽ አባስሽው።

የባሰው ደግሞ ባለፈው ወር መጣ። የክሊኒኩ ነርስ ሩዝ ዝርግ ሳህን ላይ በትና "ስንት ኩባያ ነው?" ብትላት፣ ሚጡ ኮራ ብላ "ግማሽ!" አትልም? አንድ ተኩል ነበር። ለካ ያስተማርኳት ሳህኑን እንጂ ሩዙን አልነበረም! ጨርቅ በዓይኔ ለክቼ የማልስት ሴትዮ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሳህን እቀያይራለሁ፤ መጀመሪያ ትገምታለች፣ ቀጥሎ በኩባያ እንሰፍራለን። አንድ ቀን እሷ ታለቅሳለች፣ አንድ ቀን እኔ። በመጨረሻ የራሷን መላ አመጣች፦ እጇን ጨብጣ ሩዙ አጠገብ ታስቀምጣለች፤ ሁለት ጭብጥ አንድ ኩባያ። አባቷም ቡጢውን ቢያስጠጋ "ያንተማ ድስት ያህላል!" ብላ አባረረችው።

ዛሬ ነርሷ አምስት ሳህን ደረደረች። አራቱን አገኘች፣ አምስተኛውን ለጥቂት ሳተች። ነርሷ "እኔም እንዲህ እስታለሁ" ብላ ለመምህሯ ወረቀት ጻፈችላት። ሚጡ ከክሊኒኩ በር ስትወጣ ጭንቀቷ "ነገ ማን አጠገብ ልቀመጥ?" ብቻ ሆነ።

ወንድሜን ከነሚስቱ ሳሚልኝ፤ የመንትዮቻቸውን ጉንጭ ቆንጥጪልኝ። አክስቴን "ልጅቷ ተራበች የሚለው ሐሜት ይብቃሽ" በያት።

ከስፌት ቤቴ፣ ግንቦት 7 ቀን ጻፍኩት። ሰበብ ግን አልቀበልም፤ አንድም ሳትቀሩ ሻንጣችሁን ሸክፉ። ሩዙን የምትጨልፍላችሁ ሚጡ ራሷ ናት፦ ሰኔ ሦስት፣ ቅዳሜ፣ ለምሳ።