ግድግዳችንን ስላሳመሩልን እናመሰግናለን

ለጥንታዊው ቤተ መንግሥት ጥበቃና ጉብኝት ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አሥራ ሦስት አባላት ላሉት ቤተሰብ ስለተደረገ መስተንግዶ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ፣ ሠራተኞችዎስ፣ በተለይም የግቢዎ ዝንቦች እንደምን አሉ? እኛ በደኅና ቤታችን ገብተናል። ከልጆቻችን ሦስቱን ሆዳቸውን ከማመሙና እህቴ የመጸዳጃ ቤትዎ ነገር በተነሣ ቁጥር የያዘችውን ጉርሻ ከማስቀመጧ በቀር፣ ሁላችንም ለክብርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘን እንገኛለን።

በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልሁ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው የሰው አቤቱታ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥና በክር ስሰፋ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረቤ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ክብርዎን ለመክሰስ እንዳልሆነ ከወዲሁ እንዲረዱልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

አስቀድሜ ግን ለምን እንደመጣን ልንገርዎ። አባቴ ግንበኛ ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት የቤተ መንግሥቱ የምሥራቅ ግድግዳ በዝናብ በተናደ ጊዜ መልሰው ካቆሙት ስድስት ግንበኞች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ ከስድስቱም ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። በዚያ ዘመን ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ውሃ ሲጠጣ ወራት ይቆይ ነበር፤ ያለጊዜው የነካው ሰውም የአለቃውን ቁጣ አይችለውም ነበር። ድንጋዩ በድንጋዩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግንበኞቹ በመካከል ያለውን ኖራ የሚጨርሱት በመሣሪያ ሳይሆን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ነው። የአባቴ ቀኝ አውራ ጣት በልጅነታቸው በመዶሻ ተመትቶ ጠማማ ሆኖ የዳነ በመሆኑ የእሳቸው ሥራ ከአምስቱ ጓደኞቻቸው ሥራ ይለያል። የጣታቸው አሻራ ያረፈበት ጉድጓድ ወደ ግራ ያጋድላል። በሰው ደረት ከፍታ፣ አርባ እርምጃ ያህል፣ ጎን ለጎን ተሰልፏል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለዚያ ግድግዳ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም።

አሁን ዓይናቸው እየደከመ ነው። ሐኪሙ የቀረችው ብርሃን ዓመቱን መዝለቋን እንደሚጠራጠር ነግሮናል። ልጆቻቸው ተሰብስበን ምን ብናደርግላቸው ደስ እንደሚላቸው ብንጠይቅ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ጣት አንድ በአንድ ይዘው በእነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ማስገባት እንደሚመኙ ነገሩን። ሌላ የጠየቁት ነገር የለም።

በዚህም መሠረት እኔ፣ ባለቤቴ፣ ስድስት ልጆቻችን፣ አባቴ፣ እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ እንዲሁም የባለቤቴ ወንድም በሾፌርነት ሆነን ተነሣን። መኪናው የእሱ ሲሆን በሥራ ቀን ሽንኩርት ያመላልሳል፤ ስለሆነም ገና ከሰፈራችን ሳንወጣ የሁላችንም ዓይን በእንባ ተሞልቶ፣ ያየን ሁሉ ለቀብር የምንሄድ መስሎት ነፍስ ይማር ይለን ነበር። ባለቤቴ ቁጠባን ከእናት ጡት ጋር የጠባች ሴት ናት። ማን በማን ጭን ላይ እንደሚቀመጥ በወረቀት ጽፋ፣ ውሃውን በጄሪካን ሞልታ፣ ዳቦውን በጆንያ አስራ፣ ስልሳ እንቁላል ቀቅላ፣ ልጆቹ እንዳይሻሙም በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የባለድርሻውን ተራ ቁጥር በእርሳስ ጽፋ ነበር። በመንገድ ላይ ምንም ነገር መግዛት ይቅርና ሻጭን ትኩር ብሎ ማየትም ተከልክሎ ነበር። ይህን የምዘረዝረው ወደ ክብርዎ ግቢ የመጣነው ተርፎን ሳይሆን ቆጥበን መሆኑን እንዲያውቁልን ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ በመንገዳችን ላይ ስላለውና በጽሕፈት ቤትዎ ሥር ስለሚተዳደረው ጥንታዊ ድልድይ። ድልድዩ አምስት ኪሎ ሜትር እንደሚቀረው የሚገልጽ ሰሌዳ አገኘን። ከብዙ ጉዞ በኋላ ሌላ ሰሌዳ አገኘን፤ እሱም አምስት ይላል። ሦስተኛውም አምስት ይላል። ሰሌዳዎቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ፣ ከአንድ ቤት የታዘዙ መሆናቸውን ስለተረዳሁ ለቁጠባዎ አድናቆቴን እገልጻለሁ፤ ባለቤቴም አድናቆቷን እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች። ድልድዩን በመጨረሻ ያገኘነው በሰሌዳው ሳይሆን በአፍንጫችን ነው። ሰባት ቅስት አለው የተባለው ድልድይ ዛሬ የሚታየው አራቱ ሲሆን፣ ሦስቱ የከተማው ቆሻሻ መኪና በየቀኑ እየመጣ በሚገለብጠው ነገር እስከ አንገታቸው ተሞልተዋል። የበሰበሰ አትክልት፣ የታሰረ ፌስታል፣ ሆዱ የተነፋ የሞተ ውሻ፣ በላዩም የሚርመሰመስ ትል አይተናል። የስድስት ዓመት ልጄ ድልድዩ የተሠራው ቆሻሻውን ለማሻገር እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም ለማሰብ ጊዜ እንድትሰጠኝ ነገርኋት።

ሁለተኛ፦ ስለ መጸዳጃ ቤት። የቤተ መንግሥቱ ግቢ አራት በር ያለው መጸዳጃ ቤት አለው። ሦስቱ በሮች ለክብር እንግዶች ብቻ የሚል ተለጥፎባቸው የተቆለፉ ሲሆን፣ ቁልፉን የያዘው ባልደረባዎ ስለ ጎብኚ አያያዝ ሥልጠና ሊወስድ ሄዶ ነበር። አራተኛው ክፍት ነው፤ ክፍት የሆነበትም ምክንያት መዝጊያው ስለተነቀለ ነው። እህቴ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት። በአሥራ አምስት ዓመት ሥራዋ ያልጠረገችው ከሰው ገላ የሚወጣ ነገር የለም፤ አንድም ቀን ፊቷን ስታጨፈግግ አይተናት አናውቅም። ይህች ሴት ከዚያ ገብታ ወዲያው ወጣች፤ የበላችውን ሁሉ አወጣች፤ ከዚያም ለመጠጥ ከያዝነው ውሃ ላይ ቀድታ ጫማዋን ሁለት ጊዜ አጠበች። ስላየችው ነገር የነገረችን፣ ወለሉ የቱ ጋ እንደሚጀምር እንዳላወቀች ብቻ ነው። ልጆቹን ከአጥሩ ውጭ ወዳለ ቁጥቋጦ ብንወስዳቸው ጥበቃዎ ፊሽካ እየነፋ መጥቶ፣ ቅርስን ማክበር የሠለጠነ ሕዝብ ምልክት ስለመሆኑ ረዘም ያለ ትምህርት ሰጠን። እኔ በበኩሌ አፍንጫዬን እንደያዝሁ በጥሞና አዳምጬዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ምግባችን። በር ላይ ምግብ ይዞ መግባት ለቅርሱ አደገኛ መሆኑ ስለተገለጸልን፣ እንቁላሎቻችንን ከነቅርጫታቸው ለበረኛው በአደራ ሰጥተን፣ ደረቁን ዳቦ ከአጥሩ ሥር ከሚወጣው ቦይ አጠገብ ተቀምጠን በላን። ቦዩ የሚመጣው ከላይ በሁለተኛው ተራ ቁጥር ከተገለጸው ቤት ስለሆነ አልደግመውም። ከዚያ ስንገባ ወደ ንጉሡ የዙፋን አዳራሽ ተመራን። መቀመጥ ክልክል ነው የሚል ገመድ በተዘረጋበት የድንጋይ መደብ ላይ የባልደረቦችዎ ምሳ ተዘርግቶ ነበር፤ ቅባት የጠጣ ጋዜጣ፣ የተጋጠ አጥንት፣ ግማሽ ብርጭቆ ሻይና በውስጡ የሰጠመች ዝንብ። በአዳራሹ ጥግ የተሰበሩ የፕላስቲክ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተቆልለዋል። በዙፋኑ ደረጃ ላይ ደግሞ የተላጠ የእንቁላል ቅርፊት ተበትኖ ነበር። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አንዱን አንስታ አገላበጠችው፤ በእርሳስ ሰባት ቁጥር ተጽፎበታል። ሰባት ቁጥር አባቴ ናቸው። አስጎብኚዎ በዚያው ቅጽበት ስለ ንጉሡ ፍትሐዊነት በመተረክ ላይ ነበር።

አራተኛ፦ ይህን ተራ ቁጥር ባለቤቴ አንብባው ለልጆች ጆሮ አይመጥንም ብላ ቀዳዋለች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቁጥር መዝለል ስለማይችል ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ክብርዎ እንደ ሕሊናዎ ይሙሉት።

አምስተኛ፦ ስለ ምሥራቁ ግድግዳ። እስካሁን የዘረዘርሁት ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው፤ ቢሻዎት ከላይ ያለውን ቀደው ይህን ብቻ ያስቀምጡት።

አስጎብኚው ወደ ግድግዳው ሲወስደን ደረቱን ነፍቶ ነበር፤ ባለፈው ዓመት በክብርዎ ቀጥተኛ አመራር ሙሉ በሙሉ የታደሰ መሆኑን፣ ለሥራውም የምስጋና የምስክር ወረቀት መቀበልዎን ነገረን።  ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሲሚንቶ ተለስኗል። በልስኑ ላይ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። በቢጫው ቀለም ላይ ደግሞ በጥቁር ቡሩሽ፣ በማስመሪያ እየተለካ፣ የድንጋይ ሥዕል ተሥሎበታል። ክቡር ሆይ፣ እውነተኛውን ድንጋይ ሸፍነው የድንጋይ ሥዕል አሠሩበት። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ኳይዋን በአካል አገኛታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ጠረኑ፣ ቅባቱ፣ ትሉ ሁሉ እዚያ ቆሜ ረሳሁት። ከዚህ በላይ ያቅለሸለሸኝ ነገር የለም።

አባቴ ግን ቀለሙን ለይተው አያዩም፤ ከልጆቹ ጋር ከኋላ እየተከተሉ ስለነበርም አስጎብኚው በአዳራሹም ሆነ እዚህ ያለውን አልሰሙም። የአራት ዓመቱን የመጨረሻ ልጄን እጅ በግራ እጃቸው ይዘው፣ ቀኝ መዳፋቸውን በደረታቸው ከፍታ ግድግዳው ላይ አሳርፈው መሄድ ጀመሩ። አርባ እርምጃ ሄዱ። ተመለሱ። ትንሽ ዝቅ አድርገው እንደገና ሄዱ፤ አውራ ጣታቸውን ብቻ እያስቀደሙ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሱ። ጥበቃው ግድግዳ መንካት ክልክል መሆኑን ከሩቅ አስታወቀን፤ የባለቤቴ ወንድም ሄዶ ከፊቱ ቆመ። ሌሎቹ ልጆች ጣታቸውን አዘጋጅተው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ አባቴ ቆሙና መዳፋቸውን በኮታቸው ጠረጉ።

«ልጄ፣ ቦታ ተሳስተናል» አሉኝ። «ይሄ መጋዘን ነገር ነው። የኔ ግድግዳ እንዲህ አይደለም። እስቲ ሰው ጠይቅና ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሰደኝ።»

አስጎብኚው ሊያርማቸው አፉን ሲከፍት እህቴ ጫማውን ረገጠችው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት የሐሰት ወረቀት በእጄ አሳልፌ የማላውቅ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ መንገድ መሳሳታችንን አመንሁና ቤተ መንግሥቱ ለእድሳት ተዘግቷል ብዬ ለአባቴ ዋሸሁ። ቅር እንደሚላቸው ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ደስ አላቸው። መንግሥት ቤቱን ካስታወሰው መልካም ነው አሉ፤ የሚያድሱት ሰዎች ኖራውን በቂ ጊዜ አስቀምጠውት እንደሆነም ጠየቁኝ። አዎን፣ ወራት አቆይተውታል አልኋቸው።

ከተመለስን ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነን። በየማለዳው፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ቤተ መንግሥቱ ተከፍቶ እንደሆነ ይጠይቁኛል። እኔም በየማለዳው ገና ነው እላቸዋለሁ። በዚህ ሳምንት ሲጠይቁኝ ፊታቸውን ያዞሩት እኔ ወዳለሁበት ሳይሆን ወደ በሩ ነበር። ብርሃኗ እየሄደች ነው፤ ሐሰቴም እንደዚያው እያለቀብኝ ነው።

ስለሆነም ከክብርዎ አንዲት ነገር ብቻ እለምናለሁ። ቤተ መንግሥቱ ለእድሳት የተዘጋና መቼ እንደሚከፈትም የማይታወቅ መሆኑን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት አጭር ደብዳቤ በአባቴ ስም ይጻፍልኝ። ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ማኅተሙንም በጣታቸው ይዳስሱታል። ከጽሕፈት ቤትዎ እስከ ዛሬ ከወጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው ይህ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ላጠፉት ግድግዳ፣ ለበሉት እንቁላል፣ ላልከፈቱት በር፣ እንዲሁም አንድ ሐቀኛ ሰው በስተርጅና የአባቱ ዋሾ እንዲሆን ስላበቁት ያለኝን ወሰን የሌለው ምስጋና እየገለጽሁ፣ ከአሥራ ሦስት ሰው ቤተሰብ የተውጣጣ ከፍተኛ ሰላምታዬ፣ ሽታው ሳይለቀው፣ ይድረስዎ።

የክብርዎ ታዛዥ፣
የመዝገብ ቤት ሠራተኛውና የግንበኛው ልጅ

ግልባጭ፦
ለቆሻሻ መኪናው ሾፌር፣ ሰባተኛው ቅስት ከመሞላቱ በፊት እንዲያውቀው
ቁልፍ ለያዘው ባልደረባዎ፣ ከሥልጠና ሲመለስ
የምስክር ወረቀቱን ለሰጠዎት አካል

ማስታወሻ፦ ከግቢው ልንወጣ ስንል አባቴ ጎንበስ ብለው የዚያን «መጋዘን» ሥር በጥፍራቸው አንኳኩተው አዳመጡት። ሲሚንቶው ድንጋዩን እንዳይተነፍስ እንደከለከለው፣ ውሃ ከሥሩ ገብቶ መውጫ እንዳጣ፣ ሁለት ክረምት ቢቆም ብዙ እንደሆነ ነገሩኝ። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ሳይናድበት እንዲያውቅ፣ ከሥሩም ሰው እንዳያስቀምጥ፣ ዛሬውኑ ፈልጌ እንድነግረው አዘዙኝ። አባቴ ለማያውቁት ሰው እንዲህ ያስባሉ። እኔ በእሳቸው አልወጣሁም፤ ይህን የጻፍሁልዎ ስላዘዙኝ ብቻ ነው።