በካርቶኑ ላይ የጻፍኩት ስም

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ጎማ ማንሳቱ አብሶብሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በፋብሪካው ሽሪምፕ መላጡን ከተውኩ ወዲህ ጣቶቼ እንኳ ማበጥ ትተዋል። ታናሽሽ ደልፊን ደህና ናት። አክስትሽ ቨርሊንም ደህና ናት፣ ምላሷም እንዲሁ። ድመቷ ብቻ ሞተች። ስልክሽን ብታነሺ ይህን ሁሉ በአፌ እነግርሽ ነበር፤ አስራ አንድ ጊዜ ደውዬ አላነሳሽም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ቨርሊን ናት። የት እንደምታድሪ ለእኔ ለእናትሽ አልናገርም ብላለች። «አንቺ ሴትዮ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ጣልሽ» ትለኛለች፣ ቤቴ በመጣች ቁጥር፣ የእኔን ሩዝ እየበላች። እኔ ምንም አልጣልኩም። ልጄ በሕይወት አለች፣ የጭነት መኪና ጎማ ትቀይራለች፤ በጎማ ስለሞተ ሰው ደግሞ እስካሁን አልሰማሁም።

መጨረሻ በስልክ ስናወራ «ለምን?» ብለሽኝ ሳልመልስልሽ ዘጋሽው። አሁን በወረቀት እመልስልሻለሁ። ብትቀጂው እንኳ ቨርሊን ቁርጥራጩን ሰብስባ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ።

ባለፈው ገና የባሚያው ሾርባ ምድጃ ላይ እንዳለ የነገርሽኝን አልረሳሁም። ወንድ ነህ ተብዬ አደግሁ እንጂ ሴት ነኝ አልሽኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኪስሽ እየከፈልሽ የከተማ ሐኪም ስታዪ እንደነበር፣ ጦሩ እንደማያውቅ፣ ጡረታሽን እስክታገኚ በወንድ ልብስ እንደምትችዪው፣ ከዚያ በኋላ ግን በዚህ ስም እንደምትጠሪ ነገርሽኝ። ስሙንም አልሽው። እኔ ምን እንዳልኩ ቨርሊን እስካሁን ትጠቅስብኛለች። «አንዱን ወንድ ልጄን ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛውን አንተው ራስህ ልትቀብርልኝ መጣህ?» አልኩሽ። ሾርባውን ሳትቀምሺ ወጣሽ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እኔ ግን እንዲህ ይዥጎረጎራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ወንድምሽ አልሲድ የሞተ ጊዜ ደልፊን በሆዴ ነበረች። ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ሽሪምፕ ስልጥ አለቃችን ጠራኝ። ሁለት መኮንኖች ኮፍያቸውን በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እጄን እስክታጠብ ጠበቁኝ። በጨዋነት ነበር የጠበቁኝ፤ እኔም ውሃውን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ፤ ሳሙናው እስካለ ድረስ ልጄ አልሞተም። ከኢራቅ በመጣው ሣጥን ውስጥ ያለውን እንዳላይ ከለከሉኝ። አንቺ እሱ በሞተ በሁለት ዓመቱ የዚያኑ ጦር ልብስ ለብሰሽ መጣሽ። እግርሽ ላይ ወድቄ ለምኜሽ ነበር። «እማ፣ እኔ ሄሊኮፕተር እጠግናለሁ እንጂ አልተኩስም» አልሽኝ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ አንቺ ግን አስራ ስምንት ዓመት ተጫወትሽበት።

ከዚያ ያ የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ወጣ። ጾታቸውን የቀየሩም ሆኑ ለመቀየር ሐኪም የሚያዩ ከጦሩ ይውጡ፣ በፈቃዱ የሚወጣም እስከ ሰኔ መጀመሪያ ራሱን ያስታውቅ ሲል በሬዲዮ ሰማሁት። ቨርሊን ሬዲዮውን እየተሳደበች ዘጋችው። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አማተብኩ። እግዚአብሔር በማይወዱት ሰው አፍም ጸሎት ይመልሳል አልኩ።

በእናቶች ቀን ስትደውዪ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ ሳቅሽ። «ወረቀቴ ላይ ምንም የለም እማ፣ ከየት ያገኙታል? ዝም እላለሁ» አልሽ። ቀጥለሽም በጥቅምት የጦር ክፍልሽ ወደ ኩዌት እንደሚሄድ፣ አንቺም አብረሽ እንደምትሄጂ፣ ለሰርግ እንደተጠራ ሰው ደስ ብሎሽ ነገርሽኝ። ያን ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ።

በሐምሌ በለሱ ደረሰ። እንደየዓመቱ በስኳር ቀቅዬ፣ ስድስት ጠርሙስ ሞልቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አሰናዳሁልሽ። በየዓመቱ ወደ ተከራየሽው ቤት ነበር የምልከው፤ ዘንድሮ ወደ ጦር ክፍልሽ ላክሁት። በር ላይ ሲቀመጥ ይሰረቃል ብዬ ነው፤ ለቨርሊንም ይህንኑ ብያታለሁ። ላዩ ላይ ማዕረግሽን፣ ቀጥሎ ያንን ስም፣ ቀጥሎ የአባትሽን ስም ጻፍኩ። ጎልቶ እንዲነበብ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

የሆነውን ራስሽ ነገርሽኝ። የክፍልሽ ባሻ የጭነት መኪናው ላይ ቆሞ የመጣውን ዕቃ ስም እየጠራ ያድል ነበር። የእኔ ካርቶን ላይ ሲደርስ ማዕረጉን ጠራና ቆመ። ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ደግሞ ይቺ እመቤት ከየት መጣችብን? ሰልፍ ውስጥ ያለች ቀሚሷን ሰብስባ ትውጣ!» አለ። አንዱ ከኋላ «ቆንጆ ከሆነች እኔ ልፈርምላት» አለ። ሳቁ ሲያባራ የአባትሽን ስም አስተዋሉ፤ ዓይን ሁሉ ወደ አንቺ ዞረ።

ጓደኛሽ ሌሙኤል፣ ያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በለሴን በማንኪያ ከጠርሙሱ ሲበላ የኖረው፣ ሊያወጣሽ ሞከረ። «ባሻ፣ የእሱ እናት እኮ አርጅተዋል፣ ስም ይደባለቅባቸዋል። ለላኪው ይመለስ» አለ። ባሻውም ካርቶኑን ወደ ጎን ሊወረውረው ነበር። ዝም ብትዪ ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር። አንቺ ግን ከሰልፉ ወጥተሽ «የእኔ ነው» አልሽ።

በስልክ ያልሽኝ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ጽፋ፣ እንዴት የለችም ብዬ ልመልሰው?» አልሽኝ። እኔ አለቀስኩ። አንቺ ከፍቅር መስሎሽ እኔኑ አጽናናሽኝ፣ «አይዞሽ እማ፣ አንቺ አላወቅሽም» አልሽኝ። እንደምትወጪ አውቅ ነበር። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ እኔ የዘረጋሁልሽን ሳትቀበዪ ቀርተሽ አታውቂም።

በማግስቱ አዛዡ ጠርቶ ሲጠይቅሽ አልዋሸሽም። ሌሙኤል የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። «ስንት ዓመት አጠገቤ ተኛህ፤ ጉድ ሠራኸኝ» አለሽ፤ የሰጠሽውን የበለስ ጠርሙሶችም ሳይከፍት መለሰልሽ። ሦስት መኮንኖች ፊት በወንድ የክብር ልብስ፣ ጸጉርሽን ተላጭተሽ እንድትቆሚ አደረጉሽ። የጠገንሻቸውን ሄሊኮፕተሮች፣ የተሸለምሻቸውን ሜዳዮች ሁሉ አነበቡልሽ። ከዚያ አንዱ «እና ይህን ሁሉ የሠራው ማነው፣ አንተ ነህ እሷ ናት?» ብሎ አጠገቡ ያለውን አሳቀው። «እነዚህ እጆች ናቸው» አልሽ። ይህን ስሰማ ኮራሁብሽ፤ እግዜር ያውቃል ኮራሁ። ጡረታሽ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሲቀረው በሩን አሳዩሽ። አውቄ እንደጻፍኩት ገብቶሽ «ለምን?» ያልሽኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አዘንኩ፣ አልዋሽሽም። ግን ክፍልሽ ያለ አንቺ ወደ ኩዌት የሄደ ቀን ምሳዬን ጠርጌ በላሁ። ማታ ላይ አንድ ሰው በሬን አንኳኳ፤ ከሃያ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ሳይዘል ሄጄ ከፈትኩ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነበር። ይህን ደስታ ለአንቺ ጡረታና ለአንቺ ሄሊኮፕተር ብዬ ልመልሰው? አልመልሰውም። ጥዪኝ፣ ግን ቆመሽ ጥዪኝ።

አሁን ወደ ቤትሽ ነይ። መኝታ ክፍልሽን ቀለም አስቀብቻለሁ። ጸጉርሽንም አሳድጊ፣ ግድ የለኝም። ቅዳሴ ስንሄድ ግን ሱሪ ትለብሻለሽ፤ ለአባ ገና አልነገርኳቸውም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ወገቡን ታሞ ወጣ ብያለሁና አንቺም እንዲሁ በዪ። በዚያ ስም እንድጠራሽ ደግሞ አትጠብቂ። አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ እሱ ይበቃል። ልጄ ብዬ እጠራሻለሁ።

የጻፍኩልሽ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ደልፊን ማክሰኞ ዕለት ሄዳ ለጦሩ ፈረመች። «እህቴን ያባረሩበትን ቦታ እኔ እይዘዋለሁ፣ የቀረውንም አንድ ዓመት ከሰባት ወር እጨርስላታለሁ» አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በጥፊ አልመታት። በመጪው ወር በአስራ አራተኛው ቀን ሐኪሞቻቸው ያዩዋታል። በልጅነቷ አስም ያፍናት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ በእረፍት ፈቃድ ስትመጪ አቅፈሻት በረንዳ ላይ ትቀመጪ ነበር። ቅጹ ላይ አልጻፈችውም፣ አይቻለሁ፤ ሐኪሞቹ ካወቁ ግን አይቀበሏትም። የክሊኒኩን ወረቀት ከሣጥን ፈልጌ አውጥቻለሁ። ለየትኛው ቢሮ ነው የሚላከው? የአንቺን ክፍል አድራሻ ለማግኘት የድሮ ፖስታዎችሽን ሦስት ቀን ሙሉ ነው የበረበርኩት፤ የሐኪሞቹን ግን ከየት ላምጣው? አንቺ ታውቂዋለሽ። ጽፈሽ በቨርሊን እጅ ላኪልኝ። ምን እንደሆነ ለእሷ አትንገሪያት፣ ቶሎም አድርጊው።

አልሲድን የወሰደ አምላክ እናንተን ይተውልኝ። እመቤታችን በወጣሽበት ትከተልሽ፣ እግዜር እጅሽን ይባርክልሽ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፤ በጤና ያገናኘን።

ከልቧ የምትወድሽ
እናትሽ