መጨረሻው ማነው?

ይድረስ ለባለቤቴ ወንድም ለአንሴልሞ፦ እንደምን ከረምክ? በመካከላችን ያለው ባሕር ቢሰፋም ሰላምታዬ ሳይቀዘቅዝ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትናንት ነፋሱ ጋብ ስላለ ከወንድምህ ከኤውቲሚዮ ጋር ካዲዝን በእግራችን ስንዞራት ዋልን። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲያድል የኖረባት ከተማ አሁንም አትሰለቸውም። በየደጃፉ እየቆመ «እዚህ ቤት የነበረችው ሴትዮ፣ የልጇን ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነበርኩ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ባሕሩ ዳር ጫማዬን አውልቄ ውሃ ውስጥ ገባሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ!

ሲርበን ዓሣ መጥበሻው ቤት ሄድን። እንደምታውቀው እዚያ ተሰልፎ የሚቆም የለም፤ የመጣ ሁሉ «መጨረሻው ማነው?» ብሎ ተራውን ይይዛል። ኤውቲሚዮም ጠየቀ። «እኔ ነኝ» አለችው አንዲት ወፍራም ሴት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቃት። በሦስተኛው ግን «አንተ ሰውዬ፣ ወደድከኝ እንዴ? ሚስትህ እኮ አጠገብህ ናት!» ብላ የቆመውን ሁሉ በሳቅ ገደለችው። እኔም ሳቅሁ። ዓሣው እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰለህ!

ስንመለስ መንገዱን የመራሁት እኔ ነኝ፤ እሱ የተረፈውን ዓሣ በወረቀት ይዞ ስለነበር ነው።

ለገና እመጣለሁ ያልከው ቀደም ብሎ ለመስከረም ቢሆንስ? ባሕሩ የሚሞቀው ያኔ ነው።

ኤውቲሚዮ አጠገቤ ተቀምጦ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። «ለወንድምህ» ስለው ፊቱ በራ፤ «በይ ሰላም በይልኝ» አለ። ይህን እስክጨርስ ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ ደስ አለው። ስለዚህ ሦስቴ ሰላም ብሎሃል።

የወንድምህ ሚስት፣ ሬሜዲዮስ