የቅዳሜ ሚዛን

ጥር 9፣ ቅዳሜ
የሚዛን ቀን። ቁርስ ከተበላ በኋላ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተሰለፍን። እትዬ ሚዛኑ ላይ አትወጣም። «እኔን የሚመዝነኝ እግዜር ነው» ትላለች። እሷ መዝጋቢ ናት፤ ከበሩ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የኔንና የልጇን ቁጥር ትጽፋለች። እህቴ ሳትሆን ጉምሩክ ናት።

እኔ 71። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጨጓራዬን ቆርጠው እንቁላል ሳያሳክሉት በፊት፣ 132 ነበርኩ። ያኔ ሰፈሩ «በርሜሉ» ይለኝ ነበር። አሁን ቀበቶዬ ወገቤን ሁለቴ ይዞራል... እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳያለሁ።

ከበሮ 108። የእህቴ ልጅ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ስትወለድ ክብ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዳቦና ስኳር አቁሜያለሁ።»
«ለዳቦ ቤቱ ነግረሽዋል? በድንገት እንዳይሰማ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሻዬ ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ። እንደማይፈቀድልኝ አውቃለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ደረቴን ይደበድበው ጀመር... ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሆድ ቁርጠት። በሩን ቆልፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ከውጭ፦ «አንተ! ምን ሆነሃል?»
«መልኬን እያየሁ ነው፤ አልጠግበው አልኩ!»

ጥር 14፣ ሐሙስ
ሥጋ ቤት፣ አንድ ሚዛን ጠገንኩ። እህል መጋዘን፣ አንድ ባስኩላ፣ ጆንያ የሚመዘንበት።

ሥጋ ሻጩ ዛሬም ለመነኝ። «ወንድሜ፣ ቀስቷን ትንሽ ብቻ ጎተት አድርጋት። ማን ያያል?» ሠላሳ ዓመት በዚህ እጅ አንድ ግራም አልሰረቅኩም። ማንም አላስተማረኝም፤ እያፈረስኩ ተማርኩ። «የጎተትኩ እንደሆነ መጀመሪያ የምመዝነው አንተን ነው» አልኩት።

ጉልበቴ... ባስኩላው ሥር ተንበርክኬ መነሳት አቃተኝ። ሁለት ክኒን ዋጥኩ። ሐኪሙ «ይህን ማስታገሻ በሕይወትህ እንዳትነካ፣ ጨጓራህ ከአንጀትህ የተቀጠለበትን ቦታ ያቆስልብሃል» ብሎኝ ነበር። ጉልበቴ ግን ሐኪሙን አያውቀውም።

ምሳ አልወርድ አለ። ደረቴ ሥር ቆመ፣ ቆመና ተመልሶ ወጣ። በዚህ ሳምንት ስንተኛ ጊዜ ነው? ቫይታሚኑን ከተውኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ? ክትትሉንስ? «ድኛለሁ» ብዬ የቀረሁት አምና ነው።

ጥር 16፣ ቅዳሜ
69።

እትዬ እርሳሱን ይዛ ቆመች። «አሁንም ትቀንሳለህ?»
«ቆዳዬ ነው፤ ሊሸሸኝ ነው።»
«ቀልድህን ተወው። ከዚህ ከወረድክ ጆሮህን ይዤ ሐኪም ቤት ነው የምወስድህ።»

ታደርገዋለች። በልጅነታችንም አድርጋዋለች። ሐኪም ቤት ከሄድኩ በጉሮሮዬ ካሜራ ያወርዳሉ። ካሜራ ካወረዱ... ምን ያያሉ?

ከበሮ 107። አጨበጨብንላት።

ጥር 22፣ ዓርብ
የመጋዘኑ ባስኩላ ላይ ወጣሁ። 68።

ማንም ቤት አልነበረም። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ገልብጬ ፈታሁት። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አሥር ደቂቃ። ሞላውን ትንሽ አላላሁት። ባዶውን ሲሆን ቀስቱ ዜሮ ላይ ቀጥ ይላል፤ ሰው ሲወጣበት ግን ይጨምራል። ንጹሕ ሥራ። ሥጋ ሻጩ ቢያይ እጄን ይስመኝ ነበር።

ቀልድ ናት። ሆዴ እስኪረጋ ብቻ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ
71። እትዬ «እሰይ!» አለች። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ሦስት ክኒን ውጬ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ከበሮ ወጣች። 111።

ወርዳ እንደገና ወጣች። ጫማ አላደረገችም። የእጅ ሰዓቷን ፈታች፣ እንደገና ወጣች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ... ዳቦ ከቀመስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው።»

«ውሃ ይሆናል» አልኳት።

እንዴት አላሰብኩትም? አንድ ሚዛን፣ ሁለት ሰው። ሞኝ! ሰኞ እመልሰዋለሁ። ብመልሰው ግን የኔስ ቁጥር? ሰኞ አያለሁ።

የካቲት 2፣ ሰኞ
ሁለተኛው ሰኞ ነው። አልመለስኩትም።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ
መጋዘን ላይ 65። ትናንት ሞላውን ለሁለተኛ ጊዜ ነካሁት። ዛሬ 71። እትዬ፣ «ደህና ቆመሃል።»

ከበሮ 114።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቷ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት፤ ወጥታ ቀሚሷን ስታስተካክል አየኋት። ቀሚሱ ሰፍቷት ነበር። እሷ አላየችውም! ዓይኗ ቁጥሩ ላይ ነው... እህል መጋዘን ያለ ሰው ሁሉ የሚያምነኝ እኔ በነካሁት ሚዛን ላይ።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሰውነቴ ሰምቶኝ አያውቅም ማለት ነው። እኔም እንዳንተ ልቀደድ።»
«አትቸኩይ...»
«አንተን አይቼ ነው እኮ። አንተ ምንም አልሆንክም። ትበላለህ፣ ትስቃለህ፣ ቁጥርህ እንደ ምሰሶ ቆሟል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የበላሁት ግማሽ ዳቦ ጉሮሮዬ ድረስ ወጥቶ ነበር። ዋጥኩትና ፈገግ አልኩ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ
መጋዘን ላይ 63። ለሦስተኛ ጊዜ ፈታሁት። ብሎኑ ወድቆ ከማጠቢያው ሥር ገባ፣ በሆዴ ተኝቼ አወጣሁት። እዚያው ትንሽ ተኛሁ። ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል...

71። 115።

ጠዋት ሽንት ቤት ያየሁትን አልጽፍም።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ
ከበሮ ክሊኒክ ሄዳ መጣች። እኔን የቀደደኝ ክሊኒክ፣ ያው ሐኪም። እራት ላይ እየሳቀች ነገረችን።

«ሚዛናቸው ላይ ወጣሁ፣ መቶ ሁለት አለኝ! ሳቅኩባቸው። ‹የኛን ያስተካከለው አጎቴ ነው፤ የናንተን ማን አስተካከለው?› አልኳቸው። ነርሷ ደነገጠች።»

እትዬ ሳቀች። «ልክ ነሽ፤ ወንድሜ በሚዛን አይታማም።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ማንም አላየኝም።

«ሐኪሙ ግን ስለ አንተ ጠየቀኝ፣ ጋሼ። ‹አጎትሽ የት ጠፋ? ክትትል አቋርጧል› አለ። ደህና ነው አልኩት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ይዤህ እንድመጣ ነግሮኛል፤ የኔንም የቀዶ ጥገና ቀን ያን ዕለት ይቆርጥልኛል። ትሄዳለህ አይደል?»

«አዎ እንጂ። አዲስ ሸሚዝ እለብሳለሁ።»

መቶ ሁለት። ስድስት ኪሎ ቀንሳለች። በራሷ ጉልበት። ስድስት ኪሎዋን የሰረቅኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ
አሞኛል ብዬ ሚዛኑን ዘለልኩ። ከበሮም አልወጣችም፤ «ምን ዋጋ አለው» አለች። ወረቀቱ ባዶ። እትዬ እርሳሷን እንደያዘች ሁለታችንንም አየችን።

እጽፈዋለሁ። ሰገራዬ ጥቁር ነው። እንደ ሬንጅ። አንድ ሳምንት አለፈው። ደረጃ ስወጣ ጆሮዬ ይጮኻል። ትናንት መጋዘን ውስጥ ባስኩላው ሁለት ሆኖ ታየኝ... የትኛው ላይ እንደምወጣ አላወቅኩም።

የካቲት 23፣ ሰኞ
ነገ ቀጠሮው ነው። ለመናገር ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለት ጊዜም ቀልድ ወጣ።

የካቲት 27፣ ዓርብ
እጄ ላይ መርፌ አለ፤ ጽሕፈቴ ይንጋደዳል። ደብተሩን ያመጣችልኝ እትዬ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት። ከበሮ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ። «ጋሼ፣ ረፈደ!» መታጠቢያ ቤት ጠራኋት። ከሱቅ ያመጣኋቸውን ሁለት ባለ አሥር ኪሎ የሚዛን ድንጋዮች ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሃያ ኪሎ ነው። አንብቢው።»
ጎንበስ አለች። «ሃያ ሁለት ተኩል... ተበላሽቷል?»
«አልተበላሸም። እኔ ነኝ።»

ነገርኳት። ስለ ማስመለሱ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ጥቁሩ። ሁሉንም። አልጮኸችም። ቦርሳዋን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከጥር ሃያ ሁለት።»
«አንድ ወር ሙሉ... ሌላው ቀርቶ ውሃ መጠጣት ፈርቼ ነበር፣ ጋሼ።»

መልስ ልሰጣት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ደም ነው። ነጩ ሚዛን ላይ። ከዚያ የማስታውሰው ጩኸቷን ነው፤ ስሜን አልጠራችም፣ «እማዬ!» አለች።

አራት ከረጢት ደም ሰጥተውኛል። የተቀጠለው ቦታ ቆስሏል፣ ጠብቧልም። ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ቀዶ ጥገናውን አትክሰሰው። ብዙ ሰው በሱ ደህና ይኖራል፤ ይጠነቀቃል፣ ሲያመው ይመጣል። አንተ ጥለኸን ጠፋህ።» እትዬ ጥግ ቆማ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ከበሮ አልመጣችም።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ
አልመጣችም። ነርሷን ለማሳቅ ሞከርኩ። አልሳቀችም፤ የደም ግፊቴን ለካች።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ
መጣች።

በአንድ ፌስታል ሚዛኑን፣ በሌላው ሁለቱን ድንጋዮች ይዛ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥታለች። ግንባሯን አልቦታል። ካቻቢቴዬን ከኪሷ አውጥታ ብርድ ልብሴ ላይ ወረወረችው።

«በፊቴ አስተካክለው።»

ሚዛኑ ታጥቧል። የብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ግን ደሜ ደርቆ ቀርቷል። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እጄ እምቢ ይላል። አላገዘችኝም። ድንጋዮቹን ብቻ ታስቀምጣለች፣ ታነሳለች፣ ታነባለች። ሃያ አንድ። ሃያ ተኩል። ሃያ።

«ከበሮ...» አልኳት።
«ስም አለኝ።»

እውነቷን ነው። በስሟ ጠራኋት። አፌ አልለመደውም።

«ቀጠሮሽስ?»
«አልሰረዝኩትም፤ አስተላለፍኩት። ቢላዋውን አልፈራሁም። በውሸት ቁጥር ግን አልገባበትም። አሁን ውጣ።»

ክንዴን ያዘችኝ፤ ወጣሁ። 57። ወረቀቱን ከቤት ነቅላ አምጥታው ኖሯል። የኔን 71ዎች አንድ በአንድ ሰርዛቸዋለች። ከሥራቸው 57 ብላ ጻፈች።

«አሁን ዙር።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጫማዋን ስታወልቅ ሰማሁ። ሞላው ሲጨነቅ ሰማሁ። ብዙ ቆመችበት።

«ስንት ሆነ?» አልኳት።
«የራስህን ያዝ።»

ሚዛኑን በእግሯ ገፍታ አልጋዬ ሥር አስገብታው ሄደች። እንግዲህ በየቀኑ እንድወጣበት መሰለኝ።

ሰኞ ካሜራውን እንደገና ያወርዳሉ። ቁስሉ ካልሻረ ሆዴን እንደገና ይከፍቱታል፤ ሐኪሙ ሲነግረኝ ቀልድ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም።

57። ድንጋይ ተጭኖበት የተፈተነ ነው።