«የጋለ ጎማ ይዋሻል» ሲሉ የኖሩት የእትዬ ይቀዝቀዝ የሕይወት ታሪክ

እናታችን በ1951 ዓ.ም. ከብስክሌት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ዓይናቸው ሲደክም ትምህርቱን አቋርጠው ጥገናውን ያዙ። በ1974 ዓ.ም. ወደ ቆላ ጤና ጣቢያዎች በሞተር ሳይክል መድኃኒት በሚያደርስ ድርጅት በጎማ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። እዚያው ከሚሠሩ ሞተረኛ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ሥራቸው ለሚያየው ቀላል ነበር። ጠዋት፣ ደጋው ገና ሳይሞቅ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የኋላውን ጎማ አየር በመለኪያው ሠላሳ ሁለት ላይ ያደርሱታል። ሞተረኞቹ ግን ቆላ ወርደው በዚያ ጠራራ ሲለኩት ሠላሳ ሰባት ያገኙታል። «ሴትዮዋ አብዝተውብናል!» ብለው አምስቱን ያስተነፍሱታል። ማታ ወደ ብርዱ ሲመለሱ ጎማው ተልፈስፍሷል፤ ቸርኬው ተጣሟል። እናታችን «የጋለ ጎማ ይዋሻል፤ ሙቀት ነው አየሩን ያሳበጠው፤ ይቀዝቀዝና ለኩት!» ብለው ቢጮኹ ሞተረኞቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «እሺ እትዬ ይቀዝቀዝ፣ ማራገቢያ ይግዙለታ!» እያሉ ስም አወጡላቸው። ስሙም በዚያው ቀረ።

በ1988 ዓ.ም. ባለቤታቸው ከቆላ ሲመለሱ ዳገቱ መታጠፊያ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። የኋላ ጎማቸው ሲለካ ሃያ ስድስት ሆኖ ተገኘ። ባለቤታቸውም እንደሌላው ቆላ ላይ አስተንፍሰውት ኖሯል። የገዛ ባላቸው! እናታችን ሦስት ሳምንት አላናገሯቸውም፤ ምግባቸውን ግን አንድም ቀን አላጓደሉባቸውም።

ከዚያ ወዲህ «ጎማ ጠዋት በቀዝቃዛው ይለካ፤ መንገድ ላይ አየር አይውጣ» የሚል ደንብ እንዲወጣ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። የድርጅቱ ኃላፊ «ይታያል» አሉ። ሲታይ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ። ጡረታ በወጡ በማግሥቱ ደንቡ ተለጠፈ፦ «ማንኛውም ጎማ ከጉዞ እንደተመለሰ ወዲያውኑ ይለካ።» ያን ያነበቡ ዕለት እራት አልቀመሱም።

በሳንባ ሕመም ተኝተው ሳሉም ሊጠይቃቸው የመጣውን ሞተረኛ ሁሉ «ጎማህ ስንት ነው?» ይሉት ነበር። ቁጥሩን ደፍሮ ሲነግራቸው «መቼ ለካኸው?» ይሉታል፤ ያቀረቅራል። አሥራ ሁለተኛውን ደብዳቤ አልጋ ላይ ሆነው ለልጃቸው እየነገሩ አስጻፉ። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ለፍቶ መና መቅረት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን።

አጅባችኋቸው የመጣችሁ ሞተረኞች፣ ቤተሰቡ ያመሰግናችኋል። ጎማችሁ አሁን ግሏል፤ እንዳትነኩት። ነገ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ለኩት፤ ከእንግዲህ የሚቆጣችሁ የለም።